ከኪንግስተን ወዲያ ያለችው ጃማይካ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከመሥሪያ ቤቱ ተልኮ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የአይሮፕላን ማረፊያውን፥ ሆቴሉንና የስብሰባውን አዳራሽ ነው። ሲመለስ ዘመድ ወዳጅ ከቦ «እስቲ ያየኸውን አጫውተን» ቢለው የሚናገረው ያጣል፤ አዳራሽ በየትም አገር አዳራሽ፥ ሆቴልም በየትም አገር ሆቴል ነውና። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን አምስት ቀን ሰንብቶ ከመጣ በኋላ ስለ አገሪቱ ብጠይቀው፥ «ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ቡናውም ጥሩ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ያ ቡና የሚበቅልበት ተራራ ከከተማው በላይ ቆሞ የሚታየው መሆኑን በነገርሁት ጊዜ ግን በጣም ተጸጸተ።

እንዲህ ያለ ጸጸት ሌላውን እንዳያገኘው በማሰብ፥ በዛሬው ንግግሬ ኪንግስተን የደረሰ መንገደኛ ከከተማው ወጥቶ ደሴቲቱን ለማየት ምን ማድረግ እንደሚገባው ላስረዳ እፈልጋለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው፥ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ጃማይካን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ በአውሮጳውያን ደግሞ በኤፕሪል 21 ቀን 1966፥ ኪንግስተን በደረሱ ጊዜ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ የጥበቃውን መስመር ጥሶ እስከ አይሮፕላኑ ሥር መጥቶ እንደ ተቀበላቸው የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በዋናው ከተማ ብቻ አልቀሩም፤ በባቡር ተሳፍረው ደሴቲቱን አቋርጠው በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ እስካለችው እስከ ሞንቴጎ ቤይ ተጕዘዋል። ያ መደበኛ የመንገደኞች ባቡር በ1992 ስለ ቆመ፥ የዛሬ መንገደኛ በሌላ መንገድ መሄድ አለበት።

በመጀመሪያ የአገሩን ስፋት እንመልከት። ጃማይካ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፥ ከሰሜን እስከ ደቡብ ደግሞ ሰፊ በሆነችበት ስፍራ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ደሴት ናት። ርዝመቷ ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ ከሚያደርሰው መንገድ ጥቂት ያንሳል ማለት ነው። ፓሪሽ በሚባሉ አውራጃዎች ተከፍላለች። እንግዳው ካርታውን አይቶ «ይህችንማ በአንድ ቀን ዞሬ እመለሳለሁ» ቢል ግን ይሳሳታል። አገሩ ተራራና ገደል የበዛበት ስለ ሆነ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ከኪንግስተን እስከ ፖርት አንቶኒዮ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንኳ ወደ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ በችኮላ የታየ አገርም ከልብ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፥ አንድ ወይም ሁለት አቅጣጫ መርጣችሁ በዚያ እንድትረጉ ነው።

ከአዲስ አበባ ከመነሣታችሁ በፊት የምታሰናዱት ነገር አለ። ወደ ኪንግስተን በቀጥታ የሚሄድ አይሮፕላን ስለሌለ፥ የጃማይካን ቪዛ ብቻ ሳይሆን የምታልፉበትንም አገር የይለፍ ፈቃድ ጉዳይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀታችሁን ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ፤ ይህ በሽታ ይገኝባቸዋል ከሚባሉ አገሮች የሚመጣን መንገደኛ ይጠይቃሉና። የኤሌክትሪኩ ኃይል 110 ቮልት ስለ ሆነ፥ በ220 ቮልት ብቻ የሚሠራ ዕቃ አይጠቅማችሁም። ወራቱን በሚመለከት፥ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ዝናቡ ያነሰ ስለ ሆነ ለጉዞ የተሻለ ነው፤ ከጁን መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ያለው ግን የዐውሎ ነፋስ ወራት ነው። ሥራ አስገድዷችሁ በዚህ ወቅት ብትሄዱ፥ የአየሩን ሁኔታ ማስታወቂያ በየቀኑ ሳትሰሙ ከከተማ አትውጡ።

ስለ መጓጓዣው ደግሞ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሣ፥ ቲኬቱም አስቀድሞ የሚቈረጥለት ትልቅ አውቶቡስ ነው፤ በዋና ዋናዎቹ ከተሞች መካከል በዚህ ሥራ የታወቀው ድርጅት ነትስፎርድ ኤክስፕረስ ይባላል። ሁለተኛው ኮስተር የሚሉት መካከለኛ አውቶቡስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በአንድ መስመር ላይ እየተመላለሰ መንገደኛ የሚያሳፍረው ታክሲ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚነሡት ሲሞሉ ነው፤ በዚህ ነገር የአዲስ አበባ ሰው ትምህርት የሚያሻው አይመስለኝም። ሊታወቅ የሚገባው ግን፥ የሕዝብ ማመላለሻ ፈቃድ ያለው ተሽከርካሪ ታርጋው ቀይ መሆኑ ነው፤ ቀይ ታርጋ በሌለው አትሳፈሩ። ሒሳቡንም ከባለታክሲው ይልቅ አብሯችሁ ከተሳፈረው ሰው ጠይቁ። ባለታክሲው «ብቻህን ልውሰድህ» ካለ ዋጋው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፥ ሳትስማሙ አትግቡ። ዘርዘር ያለ የጃማይካ ዶላር መያዝም ይጠቅማል፤ በገጠር ለትልቅ ገንዘብ መልስ ማግኘት ያስቸግራልና። መኪና ተከራይታችሁ መንዳት ብታስቡ፥ አነዳዱ በግራ በኩል መሆኑን፥ የተራራውም መንገድ ጠባብና ጕድጓድ የበዛበት መሆኑን አትዘንጉ። በሌሊት ግን ጨርሶ አትንዱ። በእሑድ ቀን መጓጓዣው ስለሚቀንስ የመመለሻችሁን ቀን ከዚያ ጋር አስቡ።

እንግዲህ ወዴት እንሂድ? ከሁሉ የሚቀርበው ሰማያዊ ተራሮች የሚባለው አገር ነው። ፓፒን ከተባለው የኪንግስተን ዳርቻ ተነሥታችሁ ሽቅብ ስትወጡ ሙቀቱ እየቀነሰ፥ ጉሙ እየወፈረ ይሄዳል። አንዱ መንገድ በኒውካስል የወታደር ሰፈር በኩል ሆሊዌል ወደሚባለው ደን ያደርሳል፤ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ይህን ይምረጥ። ሌላው በማቪስ ባንክ በኩል ወደ ትልቁ ጫፍ የሚያቀርበው ነው። የጫፉ ከፍታ 2,256 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም ስለማይለይ አየሩ አያስቸግረንም። መውጫው ግን በእግር ሦስት አራት ሰዓት የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ ፀሐይ ስትወጣ ከላይ ለማየት የሚሹ ሰዎች በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይነሣሉ። ሹራብ፥ የእጅ ባትሪ፥ ጠንካራ ጫማና መንገዱን የሚያውቅ መሪ ያስፈልጋል። ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ በሰሜን በኩል የኩባ ምድር ይታያል። ይህ የተራራ አገር በ1995 ሳይሆን ዘግይቶ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በዚያ ተራራ የሚበቅለው ቡና ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዘሩ ከኢትዮጵያ ወደ የመን፥ ከየመንም በአውሮጳውያን እጅ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሻግሮ፥ በ1728 ኒኮላስ ሎውስ በተባለው የቀድሞ እንግሊዛዊ ገዥ አማካይነት ጃማይካ እንደ ገባ ይታወቃል። ከገበሬው ደጅ ተቀምጣችሁ አንድ ስኒ ብትጠጡና ከየት አገር እንደ መጣችሁ ብትነግሩት ጨዋታው ቶሎ አያልቅም። ለስጦታ ስትገዙ ግን ጽሑፉን አንብቡ፤ «ድብልቅ» የሚል ቃል ያለበት ከረጢት የተራራው ቡና ጥቂት ብቻ የገባበት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው አቅጣጫ ምሥራቁ ነው። በባሕሩ ዳር ይዛችሁ ስትሄዱ ሞራንት ቤይን ታገኛላችሁ፤ በኦክቶበር 1865 ፖል ቦግል የተባለው ሰባኪ ፍትሕ ያጡ ድኾችን እየመራ ወደ ፍርድ ቤቱ የመጣው፥ በዚያውም ወር ተይዞ የተሰቀለው በዚህች ከተማ ነው። ዛሬ ከአገሪቱ ብሔራዊ ጀግኖች አንዱ ሆኖ ይከበራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የፖርትላንድ አውራጃ ዝናብ የሚበዛበት ለምለም አገር ነው። በፖርት አንቶኒዮ አጠገብ ሪዮ ግራንዴ የሚባለው ወንዝ አለ፤ ቀርከሃ ጐን ለጐን ታስሮ በተሠራ ረጅም ታንኳ በላዩ ይወርዳሉ። ይህ ታንኳ ቀድሞ ሙዝ ወደ ወደብ የሚወርድበት ነበር፤ ዛሬ እንግዳ ይጫንበታል። ትናንት ከባድ ዝናብ ከጣለ ግን ወንዙ ስለሚሞላ፥ ቀዛፊው «ዛሬ አይሆንም» ያለ እንደ ሆነ ቃሉን ተቀበሉ።

ከወንዙ በላይ በተራራው ውስጥ ሙር ታውን የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ማሩን ይባላሉ፤ ከባርነት አምልጠው በተራራ ውስጥ እየተዋጉ፥ በ1739 እንግሊዞች የሰላም ውል እንዲገቡ ያስገደዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ውሉ ሌሎች ያመለጡ ባሮችን እንዲመልሱ ያስገድዳቸው ስለ ነበር፥ ታሪኩ ክብርም ኀዘንም አለበት። መሪያቸው የነበረችው ናኒ በጃማይካ የ500 ዶላር ወረቀት ላይ ትታያለች። ወደ መንደራቸው ስትሄዱ አስቀድማችሁ ሽማግሌዎቹን አስጠይቁ፤ መሪያቸው ኮሎኔል ተብሎ ይጠራል። ፈቃድ ሳትጠይቁ ፎቶግራፍ ማንሣት በእኛም አገር ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፥ በዚያም ነውር ነው።

ስለ ምግቡ አንድ ቃል ልጨምር። በዚሁ አውራጃ ቦስተን ቤይ በሚባለው ስፍራ ጀርክ የሚሉት፥ በቅመምና ከእኛ ሚጥሚጣ በማይተናነስ ቃሪያ ታሽቶ በእንጨት ጭስ የሚጠበስ ሥጋ አለ። የአሳማም የዶሮም ስለሚገኝ፥ አሳማ የማትበሉ ሳትጠይቁ አትዘዙ። የምትጾሙም አትቸገሩም፤ የራስ ተፈሪያን ሰዎች አይታል የሚሉት ምግብ ሥጋ የማይገባበት ነው፤ ካላሉ የሚባለውም ቅጠል ጎመናችንን ይመስላል። አኪ የተባለው ፍሬ ግን በዛፉ ላይ ሳለ በራሱ ጊዜ ካልተከፈተ መርዝ ነውና፥ ከታወቀ ቤት እንጂ ከመንገድ ለቅማችሁ አትብሉ።

ሦስተኛው አቅጣጫ በሴንት አን አውራጃ ኮረብቶች ላይ ያለችው ናይን ማይል ናት። ቦብ ማርሊ በ1945 የተወለደው በዚያ ነው፤ በ1981 ባረፈ ጊዜም በኪንግስተን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከተጸለየለት በኋላ ተወስዶ የተቀበረው በዚያው ነው። ከብራውንስ ታውን ከተማ በታክሲ እየተቀባበላችሁ ልትደርሱ ትችላላችሁ። በደጁ ላይ «እኔ ላስጎብኝህ» የሚሉ ብዙዎች ስለሆኑ፥ የመግቢያውን ዋጋ ከቢሮው እንጂ ከመንገድ አትጠይቁ።

በዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ ብቻ የሚሆን ምክር አለኝ። ከኢትዮጵያ መምጣታችሁን ስትናገሩ አንዳንድ ሰው፥ በተለይም የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ የሆነ፥ እጃችሁን ይዞ በታላቅ አክብሮት ይቀበላችኋል፤ ስለ ንጉሠ ነገሥቱም የሚያምነውን ይነግራችኋል። የእናንተ እምነት ሌላ ቢሆንም አትሣቁበት፤ አትሟገቱትም። አያቶቹ ከአፍሪቃ በሰንሰለት ታስረው የመጡ ሰው፥ የአገራችንን ስም ለክብሩ መደገፊያ አድርጎ ይዞታል። በሌላው በኩል ደግሞ ይህን ፍቅር ለጥቅም አታውሉት፤ የማታውቁትን እንደምታውቁ አድርጋችሁ አታውሩ። የጃማይካ ሰው ሁሉ የዚህ እምነት ተከታይ እንዳይመስላችሁ፤ እነርሱ ጥቂቶች ሲሆኑ አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ነው። ጋንጃ የሚባለውን ቅጠል በሚመለከት ሕጉ በ2015 ላላ ያለ ቢሆንም፥ ይዞ ከአገር መውጣት ወንጀል ነው።

አራተኛው አቅጣጫ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ነው። ኮክፒት በሚባለው፥ ጕድጓድና ጉብታ በተደረደረበት የኖራ ድንጋይ አገር ዳር አኮምፖንግ የተባለች ሌላ የማሩን መንደር አለች። በየዓመቱ በጃንዋሪ 6 ቀን፥ ለእኛ በገና ዋዜማ፥ የነጻነታቸውን ውል በከበሮና በዘፈን ያከብራሉ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ብላክ ሪቨርና ትሬዠር ቢች ይገኛሉ።

ስለዚህ አገር ስናገር ግን እውነቱን አልሸሽግም። በኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው ዐውሎ ነፋስ፥ ከሁሉ በሚከፋው በአምስተኛው ደረጃ ሆኖ፥ በዌስትሞርላንድ አውራጃ በኒው ሆፕ አጠገብ ወደ ምድር ገባ። ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 295 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ብላክ ሪቨር ከተማ እጅግ ተጐዳች፤ የብዙ ሰው ጣራ ተነቀለ። ስለዚህ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የትኛው መንገድና የትኛው ማረፊያ እንደ ተጠገነ አስቀድሞ በስልክ ይጠይቅ። «ተጐድቷልና አልሄድም» ብሎ መቅረት ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ቤቱን ጠግኖ በሩን የከፈተ ሰው የሚጠብቀው እንግዳ ነው። የተሰበረውን ቤት ፎቶግራፍ ለማንሣት ሳይሆን አድሮ፥ በልቶ፥ ከፍሎ ለመሄድ የሚመጣ እንግዳ ለእርሱ በረከት ነው።

በአጠቃላይም ለደሴቲቱ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። በሰሜኑ ጠረፍ መብሉም መጠጡም በአንድ ሒሳብ የሚከፈልባቸው በአጥር የተከለሉ ታላላቅ ሆቴሎች አሉ። በዚያ የሚያርፍ ሰው ከአጥሩ ሳይወጣ ሊሰነብትና ሊመለስ ይችላል። በትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ብታድሩ ግን ባለቤቲቱ ራሷ ቁርሳችሁን ታቀርባለች፤ መሪ የሚሆን የወንድሟን ልጅ ትጠራላችኋለች፤ የትኛው ሰፈር እንደማይኬድበትም ትነግራችኋለች። ይህን የመጨረሻውን ምክሯን በተለይ ስሙ፤ በኪንግስተንና በሞንቴጎ ቤይ አንዳንድ ሰፈሮች የጦር መሣሪያ ጠብ ስለማይጠፋ፥ ያለ አገሬው ሰው ምክር መግባትና ሲመሽ በእግር መዘዋወር አይገባም።

የሰላምታ ነገርም ቀላል አይደለም። ታክሲ ስትገቡ፥ ሱቅ ስትደርሱ፥ መንገድ ስትጠይቁም አስቀድማችሁ በእንግሊዝኛ «እንደምን አደራችሁ» በሉ። ሳይሰላምታ ጥያቄ የሚጀምርን ሰው በዚያ አገር እንደ ባለጌ ይቈጥሩታል። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ፓትዋ የሚባለው ቋንቋ ፈጣን ስለ ሆነ ያልገባችሁን እንዲደግሙላችሁ ብትጠይቁ አያፍሩባችሁም።

እንግዲህ ስብሰባው አልቆ ሦስት ቀን የተረፈው ሰው እንዲህ ያድርግ፤ በመጀመሪያው ቀን በጧት ከፓፒን ተነሥቶ ተራራውን ይይ፤ ማታ ወደ ከተማ ይመለስ። በሁለተኛው ቀን ፖርት አንቶኒዮ ሄዶ ይደር። በሦስተኛው ቀን ጧት ወንዙን ወይም ሙር ታውንን አይቶ ከቀትር በኋላ ይመለስ። አይሮፕላኑ በሚነሣበት ቀን ግን ሩቅ መንገድ አይሂድ፤ አንድ ዝናብ መንገዱን ሊዘጋበት ይችላልና።

አድማጮቼ፥ መንግሥት ወይም ድርጅት ወጪያችሁን ችሎ ወደ ሩቅ አገር ሲልካችሁ፥ የተላካችሁበትን ሥራ መፈጸም ግዴታችሁ ነው። ከሥራው በኋላ በተረፈው ጊዜ የአገሩን ሰው በቤቱ አይቶ መመለስ ግን ለራሳችሁም፥ መምጣታችሁን ለሚጠብቁት ልጆቻችሁም የሚተርፍ ስንቅ ነው። ያን ጊዜ «እስቲ ያየኸውን አጫውተን» ሲሏችሁ፥ ስለ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ቡና ገበሬው፥ ስለ ቀዛፊውና ጣራዋን እንደገና ስለ ሠራችው ሴት ትነግሯቸዋላችሁ።